አዲስ ኮምፒውተር ሲገዙ የአሮጌውን ሥራ ሳያጎድሉ ማሻገር

ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ላይ አዲስ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ዴስክቶፑንና ዶክመንትስን በፍላሽ ይገለብጣል፤ አሮጌውን ፎርማት አስደርጎ ለታናሽ ወንድሙ ይሰጣል ወይም ይሸጣል። ሳምንት ሳይሞላ ጣጣው ይጀምራል። ለፍርድ ቤት ያዘጋጀው ማመልከቻ ሲከፈት ፊደሉ ተዘባርቆ ይመጣል። ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የተያዘው ሒሳብ የለም። የኢሜይሉ ፓስወርድ አሮጌው ክሮም ውስጥ ቀርቷል። ፕሪንተሩም አይታዘዝም። ፋይሉ ተሻግሯል፣ ሥራው ግን ማዶ ቀርቷል።

ማዛወሩ አለቀ የሚባለው በአዲሱ ኮምፒውተር አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ወደ አሮጌው ሳይመለሱ መዋል ሲችሉ ነው። እስከዚያ ድረስ አሮጌው አይሸጥ፣ አይሰጥ፣ ፎርማትም አይደረግ። ቢያንስ አንድ ወር ይቆይ። አንድ ወር የተባለው የደመወዝ ፔይሮል፣ የግብር ማሳወቂያና የወር ሪፖርት በወር አንዴ ብቻ የሚከፈቱ ስለሆኑ ነው፤ የጎደለ ነገር ካለ የሚታወቀው ያኔ ነው። የድርጅት ሒሳብ የሚይዙ ሰዎች ደግሞ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በሰኔና በሐምሌ ባይጀምሩት ይመረጣል። መስከረም ወይም ጥቅምት ይሻላል።

እዚህ የምናወራው በአካባቢያችን በብዛት ስላለው ነገር ነው፤ አሮጌው ዊንዶውስ 7 ወይም 10፣ አዲሱ ዊንዶውስ 11። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ ብዙ ሰው ዘንድሮ ወይም በቅርቡ ይህን ሥራ መሥራቱ አይቀርም።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

ምንም ከመገልበጥዎ በፊት አሮጌውን ከፍተው የሚሠሩባቸውን ፕሮግራሞች ከነቨርዥናቸው ይጻፉ፦ ኦፊሱ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው፣ ፒችትሪው የትኛው ነው፣ የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ ነው ወይስ ቪዥዋል ግዕዝ፣ የፕሪንተሩና የስካነሩ ሞዴል ምንድን ነው። ፕሮግራም ከፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ተገልብጦ አይሠራም፤ ሲጫን ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብና በሌሎች ፎልደሮች ውስጥ የሚበትነው መረጃ አለና። ስለዚህ የሚጫንበትን ሴትአፕና ሲሪያል ቁጥሩን አሁኑኑ ይፈልጉ። አሮጌው ከተሸጠ በኋላ ሲሪያል ቁጥር ፍለጋ መሄድ አድካሚ ነው።

የድሮው ዊንዶውስ 32 ቢት ከነበረ ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ። ዊንዶውስ 11 በ32 ቢት አይመጣም። የ32 ቢት ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ይሠራሉ፤ የ32 ቢት የፕሪንተር ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ግን አይሠራም። የቆየ ሌዘር ፕሪንተር ያላቸው ኮፒ ቤቶች አዲሱን ከመግዛታቸው በፊት ፕሪንተሩ ለዊንዶውስ 11 የሚሆን የ64 ቢት ድራይቨር እንዳለው ያረጋግጡ። ከሌለው ከላፕቶፑ ዋጋ ላይ የፕሪንተር ዋጋም ይጨመራልና።

ፋይሎቹን ሲፈልጉ በዶክመንትስ አይወሰኑ። ዴስክቶፕ፣ ዳውንሎድስ (በተለይ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚለው ፎልደር)፣ ፒክቸርስ፣ ዲ ድራይቭ፣ በቀጥታ ሲ ድራይቭ ላይ የተቀመጡ ፎልደሮች፣ በኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ሰው የከፈተው አካውንት፣ ሪሳይክል ቢን ሳይቀር ይታዩ። ስቲኪ ኖትስ ላይ የጻፉት ማስታወሻም ካለ ወደ ወርድ ገልብጠው ያስቀምጡት። እያንዳንዱን ፎልደር በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ ብለው የፋይሉን ብዛትና መጠኑን ከስሙ ጎን ይጻፉ። ይህ ጽሑፍ በኋላ ወሳኝ ነው።

በምን ይሻገራል?

ከሁሉም የሚሻለው ባለ 500 ጊጋባይት ወይም 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። በኋላም መጠባበቂያ ሆኖ ያገለግላል። ለትንሽ ሰነድ ፍላሽ ይበቃል፤ ነገር ግን ገበያ ላይ በርካሽ የሚቀርበውን ባለ 1 እና ባለ 2 ቴራባይት ፍላሽ አይመኑ። ውስጡ 32 ወይም 64 ጊጋባይት ሆኖ ኮምፒውተሩ ላይ 2 ቴራባይት እንዲያሳይ የተደረገ ብዙ አለ። ትክክለኛው ቦታ ሲሞላ መገልበጡን አያቆምም። የፋይሉ ስም ይመዘገባል፣ መጠኑም ይታያል፣ ሲከፈት ግን ባዶ ወይም የተበላሸ ነው። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን ዳር እስከ ዳር ጽፎ መልሶ እያነበበ እውነተኛ መጠኑን ይነግራል። ሰዓታት ይወስዳል፣ ግን ያዋጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ የፍላሹ አቀማመጥ ነው። ፋት 32 የሆነ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። የሰርግ ቪዲዮ ወይም ረጅም የመንዙማ ቀረጻ ሲገለብጡ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ብሎ የሚመልስዎ፣ ፍላሹ ላይ 20 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለም ቢሆን፣ በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ፍላሹን ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ አድርጎ ፎርማት ማድረግ ነው፤ ፎርማት ሲደረግ በላዩ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ መጀመሪያ ያውጡት።

ጊዜውንም አስቀድመው ይገምቱ። ዩኤስቢ 2 በተግባር በሰከንድ 30 ሜጋባይት አካባቢ ያሻግራል፤ 200 ጊጋባይት ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። ዩኤስቢ 3 ላይ ያለ ተራ ሃርድ ዲስክ ወደ 100 ሜጋባይት ስለሚደርስ ያው 200 ጊጋባይት በ35 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው። ይህ ስሌት ለትላልቅ ፋይሎች ነው፤ 40 ሺህ ትናንሽ ፎቶዎች ከሆኑ ጊዜው በእጥፍና ከዚያም በላይ ይረዝማል።

ከመገልበጥ በፊት ቫይረሱን

በጽሕፈትና ኮፒ ቤት በኩል የሚዞር ፍላሽ የሾርትከት ቫይረስ ሳይነካው አይከርምም። ምልክቱ ይታወቃል፤ ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ይቀመጣሉ። ሾርትከቱን የከፈተ ሰው ቫይረሱን በገዛ እጁ ያስነሳዋል። ትክክለኛዎቹ ፋይሎች ግን አልጠፉም፣ ተደብቀዋል። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ቪው ገብተው ሂደን አይተምስ የሚለውን ያብሩ፤ ካልታዩ ኦፕሽንስ ውስጥ ገብተው የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት ያንሱ። ደብዘዝ ያሉ ፎልደሮች፣ አንዳንዴም ስም የሌለው አንድ ፎልደር ይወጣሉ፤ ሰነዶችዎ እዚያ ውስጥ ናቸው።

አሮጌው ላይ ዊንዶውስ 10 ካለ በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ የኦፍላይን ስካኑን ያስነሱ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና 15 ደቂቃ ገደማ ይፈትሻል። ዊንዶውሱ ሳይነሳ ስለሚሠራ የተደበቀ ቫይረስ ሊያመልጠው ይከብደዋል። ከዚያም የሚያሻግሩት ሰነድ፣ ፎቶ፣ ድምፅና ቪዲዮ ብቻ ይሁን። ሾርትከቶችንና ከየት እንደመጡ የማያውቋቸውን ፕሮግራሞች እዚያው ይተዋቸው። ኤክስተርናሉን አዲሱ ላይ ሲሰኩም ከመክፈትዎ በፊት በቀኝ ክሊክ ያስፈትሹት።

መገልበጡ

አንድ ሕግ አለ፤ ኮፒ እንጂ ከት አይጠቀሙ። ከት ሲያደርጉ ዊንዶውስ ወደ ሌላው ዲስክ ያሻገረውን ከምንጩ ላይ እያጠፋ ስለሚሄድ በመሃል መብራት ሲጠፋ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ይሆናል፤ ሲጻፍ የነበረው ፋይልም ሊበላሽ ይችላል። ኮፒ ከሆነ ግን የፈለገው ቢሆን ምንጩ እዚያው ነው።

የመብራት ነገር ካነሳን፣ ዴስክቶፕ ላይ ያለ ተራ ዩፒኤስ በአግባቡ ለማጥፋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ እንጂ የሁለት ሰዓት ኮፒ አይሸከምም። ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ አይልቀቁት። ከ20 እስከ 30 ጊጋባይት እየከፋፈሉ ፎልደር በፎልደር ይገልብጡ፤ ያለቀውን ወረቀቱ ላይ ምልክት ያድርጉበት። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ሞልተው ይጀምሩ፣ በፓወር ሴቲንግ ውስጥ ስሊፕን «ኔቨር» ያድርጉት። ሲያልቅ ኤክስተርናሉን ከመንቀልዎ በፊት «ሴፍሊ ሪሙቭ» ይበሉ። ኮፒ የሚለው መስኮት ከጠፋ በኋላም ወደ ዲስኩ ገና ያልተጻፈ ሊኖር ይችላል።

«የፋይሉ ስም በጣም ረጅም ነው» የሚል መልእክት ከመጣ ፋይሉ አልተበላሸም። ዊንዶውስ የፎልደሮቹን ስም ከፋይሉ ስም ጋር ደምሮ ከ260 ፊደል በላይ ሲሆንበት ነው የሚያስቸግረው። ፎልደር በፎልደር ውስጥ ደራርበው የሚያስቀምጡ ቢሮዎች ይህ ይገጥማቸዋል። የላይኛውን ፎልደር ስም «ሀ» ብለው አሳጥረው ይድገሙት፤ አዲሱ ላይ ከደረሰ በኋላ ስሙን ይመልሱለታል።

ከዚያ ማመሳከር። አዲሱ ላይ ያረፈውን ፎልደር ፕሮፐርቲስ ይክፈቱና ቀድመው ከጻፉት ጋር ያስተያዩ። ለምሳሌ አሮጌው ላይ «ሰርግ ሐይቅ 2009» የሚለው ፎልደር 1,846 ፋይል፣ 38.2 ጊጋባይት ከነበረ አዲሱ ላይም እንደዚያው መሆን አለበት። የሚነጻጸረው «ሳይዝ» የሚለው መስመር ነው። ከሥሩ ያለው «ሳይዝ ኦን ዲስክ» ግን ከዲስክ ዲስክ ስለሚለያይ አያስደንግጥዎ። ቁጥሩ እኩል ሆኖም የፋይሉ ውስጥ ሊበላሽ ስለሚችል ጥቂቱን ከፍተው ይዩ፤ ከሁሉም የቆየውን ሰነድ፣ ከሁሉም ትልቁን ቪዲዮ መጨረሻው ላይ ወስደው፣ ከየፎልደሩ ሁለት ሦስት ፎቶ፣ አንድ ሁለት ኤክሴል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ከአዲሱ ኮምፒውተር ዲስክ ላይ ነው እንጂ ከኤክስተርናሉ ላይ ሆነው አይደለም።

የግዕዝ ፊደሉ ነገር

ለእኛ ትልቁ ራስ ምታት እዚህ ነው፤ በውጭ ቋንቋ የተጻፉ መመሪያዎችም አያነሱትም።

አዲሱ ላይ ሰነዱን ሲከፍቱ አማርኛው ጠፍቶ የላቲን ፊደልና ምልክት ተቀላቅሎ ከመጣ፣ አብሽሩ፣ ጽሑፉ አልጠፋም። የድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ቋንቋ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው የዛሬው አሠራር) በፊት በነበረው አሠራር የተዘጋጁ ናቸው። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ሆኖ ፎንቱ ብቻ ነው የአማርኛ ፊደል አድርጎ የሚያሳየው። ፎንቱ ሲጎድል እውነተኛው ቁጥር ይገለጣል። ያንኑ ፎንት ሲጭኑለት ሰነዱ እንደነበረ ይመለሳል። እስከዚያ ድረስ ግን ሰነዱን በሌላ ፎንት ቀይረው ሴቭ አያድርጉት፣ «ላስተካክል» ብለውም አይነካኩት።

የትኞቹ ሰነዶች የዚህ ዓይነት እንደሆኑ አሮጌው ላይ ሳሉ መለየት ይቻላል። ሰነዱን በወርድ ይክፈቱ፤ ሁለት መስመር አማርኛ መርጠው ኮንትሮልና ሲ ይጫኑ፤ ኖትፓድ ከፍተው ኮንትሮልና ቪ ይጫኑ። ኖትፓድ ላይ አማርኛ ሆኖ ከወጣ ዩኒኮድ ነው፣ የትም ሄዶ ይነበባል። የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ከወጣ ያንን ፎንት ይዘው መሄድ ግዴታ ነው። የፎንቱን ስም ለማወቅ ጽሑፉ ላይ ጠቅ አድርገው ላይ ያለውን የፎንት ሳጥን ያንብቡ።

ፎንቶቹ የሚገኙት ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ በሚለው ፎልደር ነው። የግዕዞቹን መርጠው ኤክስተርናሉ ላይ አንድ ፎልደር ከፍተው ይገልብጡ። በዊንዶውስ 10 ላይ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የተጫነ ፎንት ግን እዚያ ፎልደር ውስጥ አይቀመጥም። በተጠቃሚው ስም ሥር አፕ ዳታ፣ ሎካል፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ በሚል መንገድ ነው የሚገኘው፤ ፎልደሩ ድብቅ ስለሆነ ሂደን አይተምስ መብራት አለበት። አዲሱ ላይ ሁሉንም መርጠው በቀኝ ክሊክ «ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ» ይበሏቸው። ወርድ ተከፍቶ ከነበረ ዘግተው ይክፈቱት።

ዩኒኮድ ሆኖም የሚያስቸግር አንድ ፎንት አለ፤ ኒያላ። በዊንዶውስ 7 ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይመጣ ስለነበር የብዙ መሥሪያ ቤት ደብዳቤና የመመረቂያ ጽሑፍ በኒያላ ነው የተጻፈው። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን በተጨማሪነት የሚወርድ ሆኗል። ካልተጫነ ዊንዶውስ በአብዛኛው ኢብሪማን ይተካበታል፤ ይነበባል፣ ግን የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ መስመሩ ይገፋል፣ ሠንጠረዡ ይዘላል፣ 60 ገጽ የነበረው 64 ይሆናል፣ ማውጫውም አይገጥምም። የወሎ ወይም የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጽሑፉን ሊያስጠርዝ ሲል ይህ ቢገጥመው ጣጣ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ብለው ይፈልጉ፣ «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ይጨምሩ። ኢንተርኔት ከሌለ ኒያላን ከአሮጌው የፎንት ፎልደር ገልብጠው መጫን ይቻላል።

አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ፦ የማይተኩ ሰነዶችን፣ ማለትም የውል ቅጂ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የመሰሉትን፣ አሮጌው ላይ ሳሉ በፒዲኤፍም ሴቭ ያድርጓቸው። ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮ ስለሚይዝ ምንም ቢሆን ማየትና ማተም ይችላሉ።

ጸሐፊዎች ደግሞ የለመዱትን ኪቦርድ ያስቡ። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ የቁልፎቹ አቀማመጥ ግን ከፓወር ግዕዝ ይለያል። በቀን ብዙ ገጽ የሚጽፍ ሰው በለመደው ቢቀጥል ይሻላል። ፓወር ግዕዝ ካልተገኘ ኪማን የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የአማርኛ ኪቦርዶች አሉት። አዲስ የሚጻፈው ሁሉ ግን ከእንግዲህ በዩኒኮድ ይሁን፤ ያለበለዚያ በሚቀጥለው ኮምፒውተር ላይ ይኸው ችግር ይደገማል።

ኦቶኮሬክት ላይ አጫጭር ምልክት መዝግበው («ፍቤ» ሲሉ «የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት» እንዲወጣ) የሚጽፉ ሰዎች ይህም አብሮ መሄዱን ይዩ። ወርድን ዘግተው በተጠቃሚው ስም ሥር አፕ ዳታ፣ ሮሚንግ፣ ማይክሮሶፍት፣ ኦፊስ ውስጥ ይግቡ፤ ኤምኤስኦ ብለው የሚጀምሩ ፋይሎች አሉ፣ ቁጥሩ 1033 የአሜሪካ እንግሊዝኛው፣ 1118 የአማርኛው ነው። እነሱንና ከጎን ቴምፕሌትስ ፎልደር ውስጥ ያለውን «ኖርማል» ይገልብጡ፤ አዲሱ ላይ በተመሳሳዩ ቦታ ያኑሯቸው። የደብዳቤ ራስጌ፣ የገጽ ልክና ስታይል ያለው ኖርማሉ ውስጥ ነው።

ፒችትሪ

የፒችትሪ ሒሳብ ፎልደሩን በመገልበጥ አይዛወርም፤ በተለይ ካምፓኒው ተከፍቶ ሳለ የተገለበጠ ዳታ ግማሽ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። መንገዱ ፋይል ከሚለው ውስጥ ባክ አፕ ነው። የካምፓኒው ስም በፋይሉ ስም ውስጥ እንዲገባ የሚለውን ምልክት ያድርጉ፣ በፒቲቢ የሚያልቅ አንድ ፋይል ይሰጥዎታል። አዲሱ ላይ ያንኑ ቨርዥን ይጫኑ። ከባክ አፑ የቆየ ቨርዥን አይቀበለውም፤ አዲስ ቨርዥን ደግሞ ዳታውን ወደ ራሱ አሠራር ይለውጠዋል፣ ከተለወጠ በኋላ በድሮው አይከፈትም። ከዚያ ፋይል፣ ሪስቶር ብለው ፒቲቢውን ያሳዩት። ካምፓኒ ዳታውንም ከስተማይዝድ ፎርምሱንም ይምረጡ፤ ሁለተኛው ከቀረ ያስተካከሉት የደረሰኝና የቼክ ቅጽ አይመጣም።

ሪስቶሩ ተሳካ ማለት ብቻውን አይበቃም። ከሁለቱም ኮምፒውተር ላይ የአንድ ወር ትራያል ባላንስ ያትሙና ጎን ለጎን አድርገው ዴቢትና ክሬዲቱን፣ የባንክ ሒሳቡን ቀሪ ያስተያዩ። እኩል ከሆነ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አሮጌው ላይ አንድም ነገር አይመዝገብ። ሁለት ቦታ የተመዘገበ ሒሳብ መልሶ አንድ የሚያደርግ ቁልፍ የለም።

ፓስወርድ፣ ክሮምና ቴሌግራም

የክሮምን ፕሮፋይል ፎልደር ገልብጦ ፓስወርዱን መውሰድ አይቻልም፤ ፓስወርዶቹ ከአሮጌው ዊንዶውስ አካውንት ጋር ተቆልፈዋል። ቀላሉ በጉግል አካውንት ገብቶ ሲንክ (በአካውንቱ በኩል ማመሳሰልን) ማብራት ነው። ካልተፈለገ ከጉግል ፓስወርድ ማናጀር ሴቲንግ ውስጥ ኤክስፖርት ያድርጉ፤ የሚወጣው ፋይል ግን ማንም የሚያነበው ግልጽ ጽሑፍ ነው። አዲሱ ላይ ኢምፖርት እንዳደረጉ ከኤክስተርናሉም ከሁለቱም ኮምፒውተር ሪሳይክል ቢንም ያጥፉት። በዚህ ፍላሽ ኮፒ ቤት እንዳይሄዱ። ለጂሜይልና ለመሳሰሉት የማረጋገጫ ኮድ በስልክ ስለሚመጣ የተመዘገበው ሲም ካርድ በእጅዎ መኖሩንም ያረጋግጡ።

ቴሌግራም ቀላል ነው። አዲሱ ላይ ጭነው የሚወጣውን ኪውአር ከስልክዎ ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ ገብተው ያንብቡት፤ ንግግሩ ሁሉ ይመለሳል፤ የስልክ ሲክሬት ቻት ግን ስልኩ ላይ ብቻ ይቀራል። አንዳንድ አስፈላጊ ሰነድ በሴቭድ ሜሴጅስ ማኖርም ይቻላል፣ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል። ፎቶ ከሆነ እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላኩት ጥራቱን ይቀንሰዋል።

አዲሱ እንደተከፈተ ዳታውን እንዳይበላው

ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ከተከፈተ ዋንድራይቭ የሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ ዴስክቶፑንና ዶክመንትሱን ወደ ኢንተርኔት መጫን ሊጀምር ይችላል። ነፃው ቦታ 5 ጊጋባይት ብቻ ነው። 200 ጊጋባይት ፋይልዎን እዚያ ፎልደር ውስጥ ከጨመሩ ቦታው ወዲያው ይሞላል፣ የሞባይል ጥቅልዎም አብሮ ያልቃል። ከመገልበጥዎ በፊት በዋንድራይቭ ሴቲንግ ውስጥ የፎልደር ባክ አፑን ያጥፉ፤ የዋይፋዩን መስመርም «ሜተርድ ኮኔክሽን» ያድርጉት፣ ዊንዶውስ ትላልቅ ማሻሻያዎችን በራሱ ማውረዱን ይቀንሳል። ማሻሻያው ግን ጨርሶ አይቅር፤ ሰፊ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሲያገኙ ያውርዱት።

አሮጌው ላይ ዋንድራይቭ ይሠራ ከነበረ ሌላ ወጥመድ አለ። የደመና ምልክት ያለበት ፋይል በስሙ ይታያል እንጂ ዲስኩ ላይ የለም። መርጠው በቀኝ ክሊክ «ኦልዌይስ ኪፕ ኦን ዚስ ዲቫይስ» ብለው ወርዶ እስኪያልቅ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይገልብጡ።

አሮጌው የማይነሳ ከሆነ

ማዘርቦርዱ ወይም ስክሪኑ ሞቶ ሃርድ ዲስኩ ደኅና የሆነ ብዙ ነው። ዲስኩ ይፈታና በሳታ ወደ ዩኤስቢ ገመድ ከአዲሱ ጋር ይገናኛል። የላፕቶፑ ትንሹ ዲስክ ከዩኤስቢው ኃይል ያገኛል፤ የዴስክቶፑ ትልቁ ግን 12 ቮልት የሚሰጥ የራሱ አዳፕተር ካልተሰካለት አይነሳም። በማስቲካ መልክ ያለው ኤም 2 ኤስኤስዲ ከሆነ ሳታ ወይም ኤንቪኤምኢ መሆኑን ዲስኩ ላይ አንብበው የሚስማማውን ማቀፊያ ይግዙ። የድሮውን የተጠቃሚ ፎልደር ሲከፍቱ ፈቃድ የለዎትም ካለ «ኮንቲኒዩ» ይበሉት፣ ጥቂት ቆይቶ ይከፍታል።

48 ቁጥር ያለው ቁልፍ ከጠየቀዎ ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፏል። ቁልፉ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ የተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል፤ ያለ ቁልፉ ማንም ባለሙያ አይከፍተውም። አዲሱም ሊቆለፍ ስለሚችል የእሱን ቁልፍ ዛሬውኑ በወረቀት ጽፈው ቤት ያስቀምጡ።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካወጣ ወዲያው ያጥፉት። መጠገኛ ፕሮግራም አያስኬዱበት፤ ደጋግመው ሲያስነሱት የማንበቢያው ክፍል የዲስኩን ፊት እየፋቀ ቀሪውን ይጨርሰዋል። ወደ ጠጋኝ ሲወስዱትም በሚገባ ጠቅልለው ይያዙ። ደኅናውን ላፕቶፕም ቢሆን ከደሴ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲያደርሱ ስሊፕ ላይ አይተዉት፣ ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ይያዙት። የሚሽከረከር ዲስክ ንቅናቄ አይወድም።

ሦስተኛው ቅጂና የአሮጌው ስንብት

በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ በደረሰ ጊዜ ብዙ ቢሮዎችና ድርጅቶች ከነኮምፒውተራቸው ሰነዳቸውን አጥተዋል። መጠባበቂያው እዚያው ቢሮ መሳቢያ ውስጥ የነበረ አብሮ ሄዷል። ስለዚህ ያሻገሩበት ኤክስተርናል ላይ ያለውን ቅጂ አያጥፉት፤ ኮምፒውተሩ ካለበት ቤት ውጭ፣ ቢቻል ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ያኑሩት። በየወሩ አዲሱን ይጨምሩበት።

ወሩ ሞልቶ ምንም የጎደለ ካልተገኘ አሮጌው ይጽዳ። ዲሊት ማድረግም ሆነ ፈጣኑ ፎርማት ፋይሉን በእርግጥ አያጠፉትም፤ በቀላል ፕሮግራም ተመልሶ ይወጣል፣ የደንበኛ ውልና የቤተሰብ ፎቶም የገዛው ሰው እጅ ይገባል። ዊንዶውስ 10 ላይ «ሪሴት ዚስ ፒሲ»፣ ከዚያ «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ»፣ ከዚያ በቼንጅ ሴቲንግስ ውስጥ «ክሊን ዳታ» የሚለውን ያብሩ፤ ከአንድ በላይ ድራይቭ ካለ ሁሉንም እንዲያጸዳ ይንገሩት። ተራ ሃርድ ዲስክ ላይ ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ ኃይል መሙያው ተሰክቶ መብራት በማይቋረጥበት ሰዓት ይጀመር። ከዚያ በፊት ግን ከስልክዎ ቴሌግራም ውስጥ አሮጌውን ኮምፒውተር «ተርሚኔት» ያድርጉት፣ ከጉግል አካውንትዎ የመሣሪያዎች ዝርዝርም ያስወጡት። ያልተጸዳ ዲስክ ካለ፣ ለምሳሌ የማይነሳው ኮምፒውተር ዲስክ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አይሽጡት። ፈትተው ያስቀሩት።